ከቀንድ ዋንጫ እስከ ጠርሙስ፦ መስታወት ወደ ደብረ ታቦር የመጣበት መንገድ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ፣ በፋርታ፣ በእስቴና በጋይንት ቤቶች አሮጌ ጠርሙስ ብርቅ አይደለም። ጸበል ይያዝበታል፣ የኑግ ዘይት ይቀመጥበታል፣ ለእንግዳ የሚቀዳ አረቄ በቡሽ ተወትፎ ይቆይበታል። በቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ አንገቱ የረዘመ፣ ሆዱ የተድበለበለ የአያት ብርሌ አይጠፋም። ባለቤቱን «ይህ ከመቼ ወዲህ ነው?» ቢሉት «የድሮ ነው» ይላል፤ ግፋ ቢል «ጣሊያን ጊዜ የመጣ» ወይም «የራስ ጉግሣ ዘመን» ብሎ ያሳርፋል።

የእንግሊዝን አሮጌ የወይን ጠርሙስ ግን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ዐይቶ፣ በቅርጹ ብቻ፣ በየትኛው ሃያና ሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደተሠራ ይናገራል። በብርሌ ላይ ይህ አይሠራም። የሁለት መቶ ዓመቱና የትናንቱ ብርሌ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በቅርጽ ወንድማማች ናቸው። የልዩነቱ ምክንያት የሚገኘው ሁለቱ ዕቃዎች በየአገራቸው ያዩት ታሪክ ውስጥ ነው፤ የእኛው ታሪክ ደግሞ በአብዛኛው በበጌምድር በኩል ያልፋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዋንጫና የሽክና ዘመን፦ እስከ 1630ዎቹ

መስታወት ለኢትዮጵያ ጥንታዊ ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መምሪያ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ዕቃዎች መካከል የብርጭቆ ሥራን፣ ከሶርያዋ ሎዶቅያና ከኢጣልያ የመጣ ጥቂት ወይንን ይቆጥራል። በአክሱም መቃብሮችም ከሜዲትራኒያን አገሮች የተሻገሩ የብርጭቆ ጽዋዎች ስብርባሪ ተገኝቷል። የባሕሩ በር ከአክሱማውያን እጅ ሲወጣ ግን ብርጭቆ በደጋው ላይ ብርቅ ሆነ።

ደጋው የሚጠጣበት ዕቃ አላጣም። የበሬው ቀንድ ተፍቆና ተወልውሎ ዋንጫ ሆነ፤ ቅሉ ሽክና ሆነ፤ ሸክላው ጋን፣ እንስራና ማሰሮ ሆነ። ጠላውም ጠጁም በጋን ተጠንስሶ፣ በሳምንታት ውስጥ ደርሶ፣ በግብሩ ቀን ያልቅ ነበር። ለዓመታት ታሽጎ የሚቆይ መጠጥ ስላልነበረ ለዓመታት የሚያሽግ ዕቃም አልተፈለገም።

በዚሁ በበጌምድር ወይን መኖሩ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። አፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራን ግንብ ካሠሩበት ከእንፍራዝ ጀምሮ እስከ ካሮዳና ይፋግ ያለው የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በወይን ተክሉ ስሙ የተነሣ አገር ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም የካሮዳን ወይን ጠቅሶ ጽፏል። ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ከዘቢብ ይጨመቅ ነበር። ሆኖም የይፋግና የካሮዳ ወይን የራሱ ጠርሙስ አላስፈለገውም። ከማሰሮ ወደ ጽዋ፣ ከጋን ወደ ዋንጫ ሲሄድ ኖረ። ወይን እምብዛም በማይበቅልባት በእንግሊዝ አገር ደግሞ የወይን ጠርሙስ ተወለደ።

ሽንኩርቱ ጠርሙስና የጎንደር ነገሥታት፦ ከ1636 እስከ 1769

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 ሲቆረቁሩ እንግሊዞች የመስታወት ምድጃቸውን ከቀየሩ ሃያ ዓመት ያህል ሆኗቸዋል። ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በ1615 መስታወት ሠሪዎች እንጨት እንዳያነዱ ከለከሉ፤ እንጨቱ ለመርከብ ይፈለግ ነበርና። ሠሪዎቹ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። ከሰሉ ከእንጨት ይልቅ ይግላል፤ በዚያ ግለት የቀለጠው መስታወት ወፍራምና ጠንካራ፣ ከከሰሉ ጢስና ከአሸዋው ብረት የተነሣም ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ለመርከብ ተብሎ የወጣ ትእዛዝ ቡሽ ተመትቶበት የማይፈነዳ ጠርሙስ አስገኘ። የመጀመሪያውን ጠንካራ ጠርሙስ ሠራ የሚባለው ሰር ኬኔልም ዲግቢ ነው።

ከዚህ በኋላ ቅርጹ መሮጥ ጀመረ። በ1650 ገደማ የወጣው ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም ነበር። በ1680ዎቹ አንገቱ አጥሮ፣ ሆዱ ወደ ጎን ሰፍቶ፣ ሰብሳቢዎች «ሽንኩርት» የሚሉት ዓይነት መጣ፤ ይህም ከአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን (1682 እስከ 1706) ጋር የሚገጥም ነው። ጌቶችና የወይን ነጋዴዎች በጠርሙሱ ትከሻ ላይ ስማቸውን ወይም አርማቸውን በትኩስ መስታወት ያስመቱ ነበር። የለንደኑ ሳሙኤል ፒፕስ በ1663 አርማው የታተመባቸው አዳዲስ ጠርሙሶቹ በወይን ሲሞሉ ማየቱን በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። ዛሬ ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጣው ጠርሙስ እንዲህ ያለ ማኅተም ያለበት ነው። በማኅተሙ ላይ ያለው ዓመት ግን ብቻውን አይታመንም፤ አንድ ማኅተም ለብዙ ዓመት ሊመታ ይችላልና ከጠርሙሱ ቅርጽ ጋር መመሳከር አለበት።

ቅርጹን ለመጨረሻ ጊዜ ያጠፈው ፖለቲካ ነው። በ1703 እንግሊዝና ፖርቱጋል የሜቱዌንን ውል ሲፈራረሙ የፖርቱጋል ወይን በአነስተኛ ቀረጥ ለንደንን አጥለቀለቀ። የፖርቱጋሉ ፖርት ለዓመታት ሲቆይ የሚጣፍጥ ነው። እንዲቆይ ቡሹ መርጠብ አለበት፤ ቡሹ እንዲረጥብ ጠርሙሱ መጋደም አለበት። ሽንኩርት ቅርጽ ያለው ደግሞ ተጋድሞ አይደረደርም። ስለዚህ ከ1720ዎቹ ጀምሮ ጎኑ እየቀና፣ ከ1740ዎቹ በኋላም እየቀጠነና እየረዘመ ሄዶ ዛሬ የምናውቀው ቀጥ ያለ ጠርሙስ ሆነ።

ጎንደር በዚሁ መቶ ዓመት መስታወትን ያወቀችው በሌላ በኩል ነው። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ለአውሮፓውያን በሩ ጠቦ ነበር። ዕቃ የሚያመጡት እንደ ኮጃ ሙራድ ያሉ አርመኖችና የምጽዋን መንገድ የሚያውቁ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። ግመልና በቅሎ የሚሸከሙት ዕቃ ዋጋው ከክብደቱ የሚበልጥ መሆን አለበት፤ ተራ ጠርሙስ ይህን አያሟላም። ስለዚህ የመጣው መስታወት ለማየት የሚያምር ነበር። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ ለእልፍኙ ጌጥ የቬኒስ መስተዋት ማስመጣቱን ብሩስ መዝግቧል። መስታወት በበጌምድር ደጋ ላይ የማዕረግ ምልክት ሆኖ ነው የገባው፤ ይህ ጠባዩ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም።

ደብረ ታቦር ስትነሣ፦ ከ1770 እስከ 1855

ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። የሚካኤል ስሑል ጦርነትና የዘመነ መሳፍንት ትርምስ ከተማዋን ሲያዳክማት ሥልጣኑ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ የጁ ራሶች እጅ ሸሸ። ራስ ጉግሣ መርሶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጓት። ከጉና ተራራ ግርጌ ያለች ብርዳማ ቦታ፣ ለመከላከል የምትመች፣ ወደ ላስታም ወደ ጎጃምም የምትደርስ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ስም ይዘው ተቀመጡ፤ ግብሩ፣ ዳኝነቱና ጠጁ ደብረ ታቦር ሆነ።

ገበያውም ተከተለ። ከምጽዋ በዓድዋ አድርጎ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጎንደርን አልፎ ይፋግ ይወርድ ነበር። ይፋግ ኬላና ትልቅ ገበያ፣ ጎረቤቷ ዳሪታ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር፣ በጣና ዳር ያለችው ቆራጣ ደግሞ የቡና አገር ነበሩ። አሞሌ ጨው፣ ማርትሬዛ ብርና ቡና በሚለዋወጡበት በዚህ መስመር ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ሸቀጥ አንዱ የጠጅ ብርሌ ነበር። በዚያ ዘመን በአገሪቱ የተዘዋወሩ እንግሊዛውያን ትንንሾቹ የጠጅ ጠርሙሶች ከቬኒስ የመጡ መሆናቸውን ጽፈዋል።

ብርሌውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ሆዱ ድቡልቡል ሆኖ ታቹ ጠፍጠፍ ያለ ነው። አንገቱ ጠጪው በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ የሚይዘውን ያህል ቀጭን፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ የተመለሰ ነው። በድሮው ብርሌ ታች፣ በመካከሉ፣ ጣት ሲያርፍበት የሚሻክር ጠባሳ አለ። ነፊው ብርሌውን ሲጨርስ በታቹ አጣብቆ የያዘበት የብረት ዘንግ ሲላቀቅ የተወው ነው። ከዳር እስከ ዳር በጎኑ የሚወርድ የስፌት መስመር የለውም፤ መስታወቱ ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ አለ፤ ብርሌው በብርሃን ላይ ሲዞር ግድግዳው በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ይሳሳል። እነዚህን አራቱን አንድ ላይ ያሟላ ብርሌ በእጅ የተነፋ ነው። ቅርጹ ግን ዘመኑን አይናገርም። ጠጅ አይጋደምም፣ ቡሽ አይመታበትም፣ ዓመት አይቆይም፤ የእንግሊዙን ጠርሙስ ያስረዘመው ግፊት ብርሌውን አልነካውም። ያረፈበት እጅና አፍ ስላልተለወጠ እርሱም አልተለወጠም።

በራሶቹ ቤት ጠጅ መጠጣት ሥርዓት ነበረው። ጠጅ ለመኳንንትና ለተፈቀደላቸው፣ ጠላ ለሌላው ነው። አሳላፊው ብርሌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ያቀርባል፤ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ከዚያው ብርሌ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይጠጣል፤ ጌታው ሲጠጣ ከሰው ዓይን እንዲሠወር ነጠላ ይዘረጋለታል። ብርሌ የያዘና ዋንጫ የያዘ ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ማን ምን እንደሆነ በእጁ ይታወቅ ነበር። የዚያ ዘመን ጠጅ በታሪክ ላይም እጁን አስገብቷል። በ1842 ደጃዝማች ውቤ በደብረ ታቦር ጦርነት የየጁውን ራስ ዓሊን ድል አድርገው ግብር ላይ እያሉ፣ የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ በድንኳናቸው ማረካቸው። የሰሜኑ ጌታ ያሸነፉትን ጦርነት በጠጁ ገበታ ላይ ተሸነፉ።

እንግሊዞች ራሳቸው ደብረ ታቦር የደረሱትም በዚህ ጊዜ ነው። ቆንስላው ዎልተር ፕላውደን በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ለንደን ስለ ንግድ ስታስብ ጠርሙሷ ሌላ ለውጥ ካሳለፈ በኋላ ነበር፤ የብሪስቶሉ ሄንሪ ሪኬትስ በ1821 የጠርሙሱን አካል፣ ትከሻና ታች በአንድ ላይ የሚያወጣ ፎርማ አስመዝግቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ጠርሙስ ጎኑ ትክክል፣ መጠኑ እኩል ነው፤ በትከሻው ዙሪያና ከትከሻው ወደ አንገቱ የሚወጣ ቀጭን መስመር ይታይበታል፤ ከንፈሩ ግን ገና በእጅ ይቀጠላል። በ1845 በመስታወት ላይ የነበረው ግብር ሲነሣ ጠርሙስ ረከሰ። መርከበኛውም ቆንስላውም ሲጓዙ እንዲህ ያለውን ይዘው መጓዝ ጀመሩ።

የጋፋት እሳት፦ ከ1855 እስከ 1868

አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ሲወስዱ የፈለጉት ዕቃውን አልነበረም፤ ዕቃውን የሚሠራውን እጅ ነበር። ለደብረ ታቦር ቅርብ በሆነችው በጋፋት ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን፣ ዛልሙለርን፣ ቤንደርን፣ ሞሪትዝ ሆልንና ሌሎችንም አውሮፓውያን ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር አስቀምጠው መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። ምድጃው ተሠራ፣ ወናፉ ተነፋ፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተቀልጦ ወጣ።

እኔ ጋፋትን ባሰብኩ ቁጥር የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ነሐስ በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ መስታወት አሸዋ፣ ሶዳና ኖራ ይዞ 1,400 ዲግሪ አካባቢ ይጠይቃል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ትልቅ ቢሆንም እሳትን የሚገራ ሰው፣ ሙቀት የሚችል ጡብና የታዘዘ ወናፍ ከተገኘ መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው። እንግሊዝ ጠርሙሷን ያገኘችው ለመርከብ ብላ ምድጃዋን በመቀየሯ ነው። በጋፋት ለመድፍ የነደደው እሳት ሌላ ነገር ሊወልድ ጊዜ አልተሰጠውም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ አንዳንድ አውሮፓውያን ታሠሩ፤ በኋላ ከእንግሊዝ የተቀጠሩት የእጅ ባለሙያዎችም ምጽዋ ደርሰው ከዚያ አላለፉም። በ1867 መጨረሻ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በሰው ኃይል እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። ሚያዝያ 1868 ነገሩ አበቃ። ከደብረ ታቦር ጋር የተቃጠለው የቤት ዕቃ፣ ከመቅደላ የተዘረፈው ደግሞ የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ንብረት፣ አንድ ላይ ሲታይ በዚህ አገር ከ1868 በፊት የነበረ ብርጭቆ ለምን እንዲህ እንዳነሰ ያስረዳል።

ከሰመራ እስከ አንቺም፦ ከ1870ዎቹ እስከ 1930

አፄ ዮሐንስ ደብረ ታቦርን ወደዱ፤ አጠገቧ ባለችው ሰመራም ቤት ሠሩ። ጄኔራል ጎርደን በ1879፣ ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስ በ1881 እዚህ ቀርበው አይተዋቸዋል። እንግዳና እጅ መንሻ አልጎደለም። ግን ይህ የመጨረሻው የክብር ዘመን ነበር። ምኒልክ ሲነግሡ ቤተ መንግሥቱ ደቡብ ወረደ፤ ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ።

የመስታወትን መንገድ የገለበጠው ባቡሩ ነው። ለመቶ ዓመታት ብርሌ ከምጽዋ ወርዶ ሲመጣ በጌምድር ከሸዋ ይቀድም ነበር። ከ1917 በኋላ በሣር ታጭቆ በሣጥን የተጫነው ብርጭቆ በመጀመሪያ አዲስ አበባ ይራገፋል፤ ደብረ ታቦር ከአዲስ አበባ ቀጥላ፣ በበቅሎ፣ የተረፈውን ታገኛለች። ባቡሩ ዋጋውንም አወረደው። ብርሌ ከራሶች አዳራሽ ወጥቶ በከተማ ጠጅ ቤት፣ ሣንቲም ከፍሎ በሚጠጣ ሰው እጅ ገባ። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ከደብረ ታቦር ሆነው በጌምድርን ሲገዙ የነበረው የድሮው ሥርዓት ግብር በመጋቢት 1930 በአንቺም ሜዳ፣ ከአየር በተወረወረ ቦምብ መካከል፣ ከራሱ ጋር አለቀ። ስለዚህ ዛሬ «የራስ ጉግሣ ዘመን» የሚባል ብርሌ ሲገኝ የትኛው ጉግሣ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ በመርሶና በወሌ መካከል መቶ ዓመት አለ፤ የታቹ ጠባሳም ብዙ ጊዜ መልሱን ይሰጣል።

የማሽን ጠርሙስ፦ ከ1936 ወዲህ

የጣሊያን ጦር በ1936 ደብረ ታቦርን ያዘ፤ በ1941 ክረምት ምሽጉን አስረክቦ ወጣ። አምስት ዓመት ጠርሙስን በብዛት ለማስገባት በቂ ነው። ጦሩ ወይኑን፣ የማዕድን ውኃውንና መድኃኒቱን በጠርሙስ ይዞ መጣ፤ ሲሄድ ባዶውን ተወ። ገበሬው አንሥቶ ዘይትና ጸበል ያዘበት። እነዚህ ጠርሙሶች ግን የሌላ ዓለም ሥራ ናቸው። አሜሪካዊው ማይክል ኦወንስ በ1903 ገደማ ጠርሙስ የሚነፋ ማሽን ካወጣ በኋላ የሰው ሳንባ ከሥራው ወጥቷል። መለያቸው ቀላል ነው፦ በጎን የሚወጣው የስፌት መስመር አንገቱን አልፎ ከንፈሩን ይሻገራል። በእጅ የተጨረሰ ጠርሙስ ላይ መስመሩ ከከንፈሩ በታች ይቆማል። ስለዚህ ጥቁር አረንጓዴነትና ወደ ውስጥ የገባ ታች ያለው ሁሉ የጥንት እንግሊዝ አይደለም፤ ዛሬም የወይን ፋብሪካዎች ይህን መልክ ይወዱታል።

ከነጻነት በኋላ የአገር ውስጥ ቢራና ወይን በየከተማው ደረሰ፤ አዲስ አበባ ውስጥም የጠርሙስና የብርጭቆ ፋብሪካ ተቋቋመ። ከ2000 ወዲህ የጎንደሩ ዳሸን ጠርሙስ በደቡብ ጎንደር መንገድ ሁሉ ላይ አለ። ጠርሙስ ተመላሽ ሆነ፤ ባዶው ሣጥን ገብቶ ይሄዳል፣ ታጥቦ ይመለሳል። የማይመለሰው ወደ ልዋጭ ይሄዳል። «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ አሮጌ ጠርሙስን በፕላስቲክ ሳህን ሲለውጥ የጠርሙሱን ዕድሜ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይችልም፤ ማንም አልነገረውምና።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት ለጠጪው እውነት ነው። ለታሪክ አጥኚ ግን የነቃው ብርሌ ታቹ ከቀረ ጠባሳው ይናገራል፤ አንገቱ ከቀረ ከንፈሩ እንዴት እንደታጠፈ ይታያል። በይፋግና በዳሪታ አሮጌ የገበያ ቦታዎች፣ በጋፋትና በሰመራ ፍርስራሽ፣ በቆራጣ ዳርቻ፣ ማረሻ የሚያወጣው የመስታወት ስባሪ ገና በሥርዓት አልተሰበሰበም። በአፈር ውስጥ የቆየው ላይ በቀስተ ደመና ቀለም የሚያብለጨልጭ ስስ ልባስ ይወጣበታል፤ በሽቦና በአሸዋ ተፈግፍጎ ሲለቀለቅ ዕድሜውን የሚመሰክረው ይህ ልባስ አብሮ ይሄዳል። በለብታ ውኃና በጨርቅ ማጠብ ይበቃል። ማኅተም ወይም ፊደል ካለበት በወረቀት ላይ ይገልበጥ። ብርሌው የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደተገዛ፣ ለማን ሠርግ እንደወጣ የሚያውቁት እማማ ወይም አባባ በሕይወት ካሉ፣ የነገሩት ቃል በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍና ከብርሌው ጋር ይቀመጥ።